ቤት ከመግዛት በፊት ማስመርመር፦ ምን ልጠብቅ? (ደብረ ማርቆስ)

መምህሩ ከማርቆስ
ሰኔ 3፣ ማታ 2:40

ሰላም ያገር ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

እዚሁ ማርቆስ ቤት ልገዛ ነው። 200 ካሬ ላይ ያረፈ ብሎኬት ቤት፣ ሳሎንና ሦስት መኝታ፤ ከጀርባ የጭቃ ኩሽናና አንዲት ሰርቪስ አለችው። ሻጯ አንዲት እናት ናቸው፣ ልጆቻቸው ዘንድ አዲስ አበባ ሊገቡ ነው። ከተሠራ ስምንት ዓመት ሆነው ብለውናል። እኔና ባለቤቴ ሁለቴ አየነው፣ ወደድነው። ቀለሙ ገና ትኩስ ነው፣ ግቢው ውስጥ ጌሾም ሎሚም አለ፣ ባለቤቴ ልቧ ሎሚው ላይ ቀርቷል።

ደላላው "ቀብድ ካልያዝክ ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል" ይለኛል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ "ሳታስመረምር እንዳትፈርም" ብላ በየቀኑ ትደውላለች። ማስመርመሩስ ጥሩ፣ ግን ማንን ነው የማመጣው? የመጣው ሰውስ ምን አይቶ ምን ይነግረኛል? ግዛ ወይም አትግዛ ብሎ ይገላግለኛል? ልምድ ያላችሁ እስቲ።

ቡሬ 08
ሰኔ 3፣ ማታ 2:55

ደላላው "ሌላ ሰው አለ" ሲልህ የሰውዬውን ስም ጠይቀው። እኔ ቤት በፈለግሁበት ሁለት ዓመት ሙሉ ያ "ሌላ ሰው" ሲነሳ ሰምቻለሁ፤ አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም።

አያ ፎርማን
ሰኔ 3፣ ማታ 4:10

መምህር፣ እኔ ማርቆስና ዙሪያዋን ስገነባ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ለዘመድ አዝማድ ቤት ማየት ደግሞ የቅዳሜ ሥራዬ ሆኗል፣ ስለዚህ ትንሽ ልበልህ።

እዚህ "ቤት መርማሪ" ተብሎ ሥራው ይሄው ብቻ የሆነ ሰው አትፈልግ። የምታገኘው መሃንዲስ ወይም እጁ የበሰለ ፎርማን ነው፤ ኤሌክትሪኩንና ቧንቧውን ለየባለሙያው ታሳያለህ። ደላላው "እኔ ሰው አለኝ" ካለህ አመስግነህ እለፈው። የሚያይልህ ሰው ገንዘቡን ካንተ እጅ ብቻ ይቀበል፤ ቤቱ ቢሸጥም ባይሸጥም ክፍያው ያው ይሁን።

ሰውዬው የሚያየው የሚታየውን ነው። ግድግዳ አያፈርስም፣ ሴራሚክ አይነቅልም፤ ቤቱ ገና የሰው ነው። መሠረቱ ውስጥ ስንት ፌሮ እንደገባ ምሎ የሚነግርህ ካገኘህ ዋሽቶሃል። መሠረቱን የምናውቀው ከላይ ባለው ነው፦ በስንጥቁ፣ በበሩ፣ በወለሉ።

ማርቆስ ላይ ደግሞ ከቤቱ በፊት አፈሩን ጠይቅ። ከዚህ እስከ ቢቸና ባለው ሜዳ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ይበዛል። መረሬ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሸሻል፤ ቤቱን በዓመት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ያደርገዋል። መሠረቱ መረሬውን አልፎ ጠንካራው ላይ ካላረፈ ግድግዳው ይናገራል። አንድ ግቢ ቀይ ሆኖ ጎረቤቱ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሰፈሩን ሳይሆን ግቢውን እይ። አጥሩ ሥር ክንድ ያህል ቆፍር፣ ጉዳዩ እዚያው ይገለጥልሃል።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ቀጭን ስንጥቅ የልስኑ ነው፣ እርሳው። በአርማታው ምሰሶ (ኮለን) እና በብሎኬት መካከል ቀጥ ብሎ የሚወርደውም ብዙ አያስደነግጥም፤ አርማታና ብሎኬት በአንድ አይኮማተሩም። የሚያስፈራው ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ የሚወርደው ነው፤ በተለይ አንድ ጫፉ ሰፊ ሌላው ቀጭን ከሆነ። ጥፍርህ ከገባበት ቆም በል።

በሮችን ሁሉ ክፈት ዝጋ። ከላይ በአንድ ጥግ በኩል በመላጊያ የተላገ በር ካየህ፣ ማቀፊያው ተጣሞበት ነው የተላገው። የልጆች ብይ ይዘህ ሂድና ወለሉ ላይ ልቀቃት። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኳ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ለቋል።

ኮርኒሱን አስከፍት። ቀትር ላይ ገብተህ መብራት ሳታበራ ወደ ቆርቆሮው ቀና በል፤ የተበላ የምስማር ቀዳዳ ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራልሃል። ወራጁ ላይ ጥቁር የውሃ መስመር ካለ ያፈሰሰው ትናንት አይደለም።

እንግዲህ ግዛ አትግዛ የሚልህ የለም። ጥሩ ሰው ከሆነ ያየውን ለሦስት ይከፍልልሃል፦ ይሄ ያሰጋል፣ ይሄ ገንዘብ ያስወጣል፣ ይሄን እርሳው። ገንዘብ የሚያስወጣውን ግምት አስጽፈው። ውሳኔው ያንተና የባለቤትህ ነው።

አንድ ነገር ረስቼ፦ ዝናብ ሲጥል ሂድ። ሰኔ መሆኑ ዕድልህ ነው። በየካቲት የታየ ቤት ግማሹ ነው የታየው።

እህት ከቨርጂኒያ
ሰኔ 4፣ ጠዋት 12:20

የመምህሩ እህት እኔ አይደለሁም፣ ግን እሷ ያለችውን እደግማለሁ።

እዚህ ነገሩ ሥርዓት አለው። ገዢውና ሻጩ ከተስማሙ በኋላ ውሉ ውስጥ ለምርመራ የሚሆኑ ጥቂት ቀናት ይጻፋሉ። በእነዚያ ቀናት ገዢው በራሱ ገንዘብ መርማሪ ያመጣል፣ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 ዶላር ነው። ሰውዬው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይና በፎቶ የታጀበ ጽሑፍ ይልክልሃል፤ ጣሪያ፣ መሠረት፣ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ ማሞቂያ። እሱም የሚያየው የሚታየውን ነው፣ አያ ፎርማን እንዳሉት። ምስጥ ለብቻ፣ ከመሬት የሚወጣው ሬዶን የሚባል ጋዝ ለብቻ፣ የፍሳሽ ቱቦ በካሜራ ለብቻ ይከፈልበታል። የወጣውን ይዘህ ወይ ይጠገንልኝ ትላለህ፣ ወይ ዋጋ ታስቀንሳለህ፣ ወይ ትተህ ትሄዳለህ።

የመጀመሪያ ቤቴ ሲታይ 40 ገጽ መጣልኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ቤቱ ሊናድ ነው ብዬ። መርማሪው ስደውልለት ሳቀ፤ አዲስ ቤትም 30 ገጽ ይወጣዋል አለኝ። ከ40ው ገጽ ጉዳይ የነበረው አንድ ነገር ነው፣ የጣሪያው። ስለዚህ መምህር፣ የጉድለቱ ብዛት አያስደንግጥህ፤ ጉድለት የሌለው ቤት ገና አልተሠራም።

ዳንግላዊት
ሰኔ 4፣ ጠዋት 3:05

ቁምሳጥኑን አንሱ! ይሄን ብቻ ልንገራችሁ።

እኛ ዳንግላ የገዛነው ከዘመድ ነው። ዘመድ ስለሆነ ይሉኝታ ያዘን፤ ቁምሳጥን ላንሳ፣ ኮርኒስ ልክፈት ማለት ስድብ መሰለን። ከገባን በሦስተኛው ወር አማቴ ከአልጋው ጀርባ ያለውን ቋሚ በወስፌ ወጋ ቢያደርጉት ወስፌው እንደ ገንፎ ሰርስሮ ገባ። ምስጥ ነው። ከውጭ ልስኑ አምሮ ቆሟል፣ ውስጡን ባህር ዛፉ ዱቄት ሆኗል። አንድ ግድግዳ እንዳለ አፍርሰን ሠራን፣ ከዘመዳችንም ጋር እስከ ዛሬ በጎን ነው የምንተያየው።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

መምህር፣ ያንተ ኩሽና ጭቃ ነው ብለሃል። ወስፌ ይዘህ ሂድ። ቋሚዎቹን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ውጋ፤ ግድግዳው ላይ ከመሬት የሚወጣ የጭቃ ክር የመሰለ ነገርም ፈልግ፣ መንገዳቸው ነው።

ደላላ ነኝ አልደብቅም
ሰኔ 4፣ ቀን 6:30

ቡሬ 08፣ ያ ሌላ ሰውዬ አንዳንዴ በእርግጥ አለ :)

ደላላ ሁሉ ሌባ አይደለም። እኔ ገዢዎቼን አስመርምሩ እላለሁ፣ ምክንያቱም ቤቱ ሲያፈስ የሚመጡት ሻጩ ዘንድ ሳይሆን እኔ በር ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። አንዳንዱ አራት ሰው አስከትሎ ይመጣና ባለቤቷ ፊት "ይሄማ ቤት ነው እንዴ" እያለ ይዞራል። ሴትዮዋ ልጆቿን ያሳደገችበት ነው! ቀድማችሁ አስፈቅዱ። ኮርኒስ ልንከፍት ነው፣ ቁምሳጥን ልናነሳ ነው፣ ምጣድ ልንሰካ ነው በሏቸው። ያያችሁት ጉድለት ካለ ውጭ ወጥታችሁ ተነጋገሩ። ያስቀየማችሁት ሻጭ አንድ ብር አይቀንስላችሁም።

ሽቦ በጣሽ
ሰኔ 4፣ ቀን 8:15

ምጣድ ካነሳህ እኔ ልቀጥል።

የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍለው 16 አምፔር አካባቢ ነው። ብዙ ቤት ግን የምጣዱ ሶኬት የተዘረጋው ለአምፖል በሚሆን 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወድቅ ደግሞ ባለቤቱ ይሰለቸውና በትልቅ ይቀይረዋል፤ ያኔ የቀረው መከላከያም ሄደ ማለት ነው። ለምጣድ ለብቻው የተሳበ 4 ካሬ ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር፣ ኧርዙም (ወደ መሬት የሚወርደው መከላከያ ሽቦ) የተያያዘ መሆን አለበት።

እንዴት ታያለህ፦ ምጣዱን ሰክተህ ግማሽ ሰዓት ተወው። ከዚያ ንቀለውና የሶኬቱን ፊት በመዳፍህ ንካ። ለብ ካለ ይሁን፣ ካቃጠለህ ወይም የላስቲክ ሽታ ካለው ሽቦው ይቀየራል። ማከፋፈያ ሳጥኑን ግን አንተ አትክፈት፣ ባለሙያ ይክፈተው። ቆጣሪው ላይ ያደረ ዕዳ እንዳለም ጠይቅ፣ የውሃውንም እንዲሁ።

ሕግ ቀመስ
ሰኔ 4፣ ማታ 1:30

ሁላችሁም ስለ ግድግዳ ትጽፋላችሁ፣ ወረቀቱስ አይመረመርም?

መምህር፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዛው ቤቱንና በይዞታው የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ይዘህ ማዘጋጃ ቤት ሂድ፣ ማኅደሩን አስወጣ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት አረጋግጥ። ካርታው ላይ ያለውን ስፋት በሜትር ለካ። ያቺ ሰርቪስ ፈቃድ አላት ወይ? ፕላኑ ላይ ከሌለች ነገ የምታስረዳው አንተ ነህ። ሻጯ እናት ናቸው ብለሃል፤ ባለቤታቸው ካሉ ፊርማቸው ያስፈልጋል፣ ካረፉ ደግሞ የወራሾች ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ወራሽ ከሆኑ ያለ እነሱ እንዳትፈርም።

ስለ ቀብድ፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ሰው ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ነው። ቀብድ ከሰጠህ በኋላ ስንጥቅ ብታገኝ "ስንጥቅ አየሁ" ማለቱ ብቻውን ብርህን አያስመልስልህም። ስለዚህ ወይ ምርመራው ይቅደም፣ ወይ ወረቀቱ ላይ "ምርመራው ያሰጋል ካለ ቀብዱ ይመለሳል" ብለህ አስጽፍ። እህት ከቨርጂኒያ ያለችውን እኛም በጽሑፍ ማድረግ እንችላለን፣ የከለከለን የለም። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ሕጉ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲሆንም ይጠይቃል።

ደግሞም ሕጉ ገዢው እያወቀ ለገዛው ጉድለት፣ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ሳያይ ላለፈው ሻጩን አይጠይቅም። "ቁምሳጥን ለማንሳት ይሉኝታ ያዘኝ" የሚል መከራከሪያ ይዘህ ዳኛ ፊት አትቅረብ።

የሽምብጥ ልጅ
ሰኔ 4፣ ማታ 3:00

ማንም ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ አላነሳም፤ ባሕር ዳር ብትሆኑ መጀመሪያ ትጠይቁት ነበር።

እኛ ሐይቁ አጠገብ ነን። በበጋ የገዛነው ቤት ጉድጓዱ ባዶ ነበር፣ ደስ አለን። ነሐሴ ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከታች እየገባ ሞላው፤ አስመጠጥን፣ በሳምንቱ ሞላ። ማርቆስ ከፍ ያለ ስለሆነ ያንተ እንደኛ ላይብስ ይችላል። ግን መቼ ተመጠጠ ብለህ ጠይቅ፣ ክዳኑን አስነሳ፣ የት እንዳለ በእግርህ ቁም። መምጠጫ መኪናው የግቢው በር ጋ መድረሱንም አስብ። ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቅ፣ ጎረቤት ሽታውን ያውቀዋል።

መምህሩ ከማርቆስ
ሰኔ 11፣ ማታ 2:15

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አየነው፤ ሦስት ሰዓት ፈጀ። አንድ መሃንዲስ፣ አንድ ኤሌክትሪሽያን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ወስፌና ብይ።

ቀድሜ ሻጯን አስፈቅጄ ነበር። ቡና አፍልተው ጠበቁን፣ "ልጄ፣ የምትኖርበት አንተ ነህ፣ እያት" አሉኝ።

የወጣውን ልጻፍ። የልጆቹ መኝታ ቤት ቁምሳጥን ሲነሳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ አለ፤ በጀሶ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል፣ እንደገና ተከፍቷል። ጥፍሬ ገባበት። የሌሎቹ ክፍሎች ግን ንጹሕ ናቸው፣ ብይቷም ካስቀመጥናት አልተነቃነቀችም፤ እዚያች ክፍል ብቻ ቀስ ብላ ወደ ውጪኛው ጥግ ሄደች።

ኮርኒሱን ከፈትን። መሃንዲሱ አንገቱን አስገብቶ ትንሽ ዝም አለና "እዚህ ሳፋ አለ" አለ። ሰማያዊ ሳፋ፣ ቀዳዳው ሥር በልኩ ተቀምጧል፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ይዟል። ሴትዮዋ ከታች ሆነው አዩትና "ውይ ሳፋዬ! አምና ጠፍቶኝ ስንት ሰው ጠረጠርኩ" አሉ። ወንድ ልጃቸው አምና ክረምት አስቀምጦት ሳይነግራቸው ሄዶ ነው። ሁላችንም ሳቅን፣ ሳቁ ካበቃ በኋላ ግን ቀዳዳውን ቆጠርን፦ አራት።

የምጣዱ ሽቦ 1.5 ነው፣ ሽቦ በጣሽ እንዳለው። ኩሽናው ሁለት ቋሚው ተበልቷል። ጉድጓዱ በስምንት ዓመት አንዴም አልተመጠጠም፣ መኪና ግን ይገባል። ማኅደሩ ላይ ሰርቪሷ የለችም። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ የወራሽነት ማስረጃው ወጥቷል፣ ሦስቱም ልጆች ለመፈረም ተስማምተዋል።

መሃንዲሱ ከሁሉም የሚያሰጋው ስንጥቁ ነው ብሏል። አያ፣ ምን ይላሉ?

አያ ፎርማን
ሰኔ 11፣ ማታ 3:40

አንድ ጥያቄ ብቻ። በዚያ ጥግ በኩል ከውጭ አሸንዳው አለ? ውሃው የት ነው የሚወርደው?

መምህሩ ከማርቆስ
ሰኔ 12፣ ጠዋት 1:10

ጠዋት ሄጄ አየሁት። በዚያ በኩል አሸንዳው ተገንጥሎ ወድቋል። የጣሪያው ውሃ እንዳለ ጥጉ ላይ ይወርዳል፤ መሬቱ ጎድጉዶ ኩሬ ሠርቷል። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ጫማዬን ይዞ አለቀቀኝም።

አያ ፎርማን
ሰኔ 12፣ ጠዋት 2:00

ይሄው። መረሬው በአንድ ጥግ ብቻ ውሃ እየጠጣ ያንን ጥግ ያነሳዋል ያወርደዋል፣ ሌላው ግቢ ደግሞ ደረቅ ነው። ቤቱ ሙሉውን ተንቀሳቅሶ ቢሆን ተወው ብዬህ ነበር። አንድ ጥግ ከሆነ ግን ተስፋ አለው። አሸንዳው ይጠገን፣ ውሃው በቱቦ ከቤቱ ርቆ ይውጣ፣ ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ይደረግለት።

እርግጠኛ መሆን ከፈለግህ ግን ቀለሙን አትመን። አገራችን የቅኔ አገር ናት፤ ይሄ ቤት ቀለሙ ሰም ነው፣ ስንጥቁ ወርቅ። የድሮውን ጀሶ አስፍቀህ ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ መዳፍ ያህል አዲስ ጀሶ ለጥፍ፣ ቀኑን በእርሳስ ጻፍበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከሄደ እሱም ይሰነጠቃል። ውሃውን መጀመሪያ አርቀህ፣ ጥቂት ሳምንት ዝናብ ይምታው።

ደላላ ነኝ አልደብቅም
ሰኔ 12፣ ጠዋት 3:30

ጥቂት ሳምንት? ሻጯ ይጠብቃሉ?

መምህሩ ከማርቆስ
ሰኔ 15፣ ማታ 1:50

ይጠብቃሉ። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አሸንዳውን እሳቸው አሠሩ፣ ቱቦውን እኔ ገዛሁ። የጣሪያው፣ የምጣዱ ሽቦና የኩሽናው ወጪ በመሃንዲሱ ግምት ተጽፎ ከዋጋው ሊቀነስ ተስማምተናል፤ የሰርቪሷን ፈቃድ እሳቸው ይጨርሳሉ። ቀብድ አልሰጠሁም። ሐምሌ 20 ጀሶውን አብረን አይተን፣ ካልተሰነጠቀ ቀብድ፣ ከተሰነጠቀ የተቆረጠ ነገር የለም፤ ይሄው በወረቀት ሰፍሮ በሁለት ምስክር ተፈርሟል።

ጀሶውን የለጠፈችው ባለቤቴ ናት፣ ቀኑንም የጻፈችው እሷ። ትናንት ከቀትር በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መታን። ዛሬ ጠዋት ሴትዮዋ ራሳቸው ደወሉልኝ፦ "አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ሳፋዬም ደርቋል።"

ቡሬ 08
ሰኔ 15፣ ማታ 2:05

ያ ሌላው ሰውዬስ መጣ?

መምህሩ ከማርቆስ
ሰኔ 15፣ ማታ 2:06

አልመጣም።